ጠዋት ጠዋት ከቤት የምወጣው ወዴት ነበር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው ሰው ያልጠራሁት ምክንያቱም ዛሬ የማወራው ነገር ፊት ለፊቴ ሰው ቢቀመጥ ግማሹን የምውጠው ይመስለኛል። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

በ2009 ወደ ሰባት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሱሪዬንና ጥቁር ጫማዬን አድርጌ፣ ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ለባለቤቴ ቻው ብዬ ከቤት እወጣ ነበር። ስራ ግን አልነበረኝም። የምሄድበት የለኝም። መኪናዬን አስነስቼ እዚሁ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ላይብረሪ ፓርኪንግ ውስጥ አቆምና እስኪከፈት እቀመጣለሁ፣ ሲከፈት እገባለሁ፣ ስራ የሚወጣበት ሰአት ሲደርስ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይሄን እስካሁን በማይክ ተናግሬው አላቅም፣ ለሶስት ወይ ለአራት ሰው ነው የነገርኩት።

እንዴት እዚያ ደረስኩ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ባንኬት ላይ ነበር የምሰራው፣ ጠረጴዛ መዘርጋት፣ ወንበር መደርደር፣ ምግብ ማቅረብ፣ ማታ ደግሞ ሁሉንም መልሶ ማንሳት። በመስከረም 2008 ሊህማን ብራዘርስ የሚባለው ባንክ ወደቀ ሲባል እኔ ስለ ዎል ስትሪት ምን አገባኝ ነው ያልኩት፣ እውነቴን ነው፣ ሰዎቹ ከእኔ ምን ያገናኛቸዋል። ከዚያ ካምፓኒዎች ስብሰባቸውን መሰረዝ ጀመሩ። መጀመሪያ አርባ ሰአት የነበረው ሰላሳ ሁለት ሆነ፣ ሃያ አራት ሆነ፣ አስራ ስድስት ሆነ። ከዚያ አንድ ሀሙስ ቀን ኪችኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ስኬጁል ሳይ ስሜ የለም። ማንም ተባረሃል አላለኝም፣ ደብዳቤ የለም ምን የለም፣ ስሜ ብቻ የለም። ማናጀሩን ስጠይቀው ስራ ሲኖር እንደውልልሃለን አለ። ስልኩ ይጮሃል ብዬ ስንት ቀን ጠበቅኩ።

ለባለቤቴ ለምን አልነገርኳትም? ይሄን ጥያቄ ለዓመታት ራሴን ጠይቄዋለሁ። እሷ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ልጃችን ስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። እናቴ ደግሞ አገር ቤት የአይን ኦፕሬሽን አድርጋ ነበር፣ በየወሩ ሁለት መቶ ዶላር እልክ ነበር። ስራ ካጣሁም በኋላ ላኩ፣ ከክሬዲት ካርድ ካሽ እያወጣሁ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ ሳላይ ማለት ነው። እማዬ ስልክ ላይ ልጄ ደህና ነህ ወይ ድምፅህ ደከመብኝ ስትለኝ ስራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ። ስራ በዝቶብኝ ነው!

እና ላይብረሪ ውስጥ የምቀመጥበት ወንበር አጠገብ ያለው መደርደሪያ የአሜሪካ ታሪክ ነበር። ፈልጌ አይደለም፣ ወንበሩ ጥግ ስለነበረ ሰው አያየኝም ብዬ ነው የመረጥኩት። ከዚያ አንድ ትልቅ የፎቶ መፅሐፍ አወጣሁ፣ የ1930ዎቹ፣ ታላቁ ዲፕሬሽን የሚሉት፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት። ኮፍያና ኮት ያደረጉ ወንዶች ለሾርባ ረጅም ሰልፍ ተሰልፈው። ልብ ብዬ ሳይ ብዙዎቹ ፊታቸውን ከካሜራው አዙረዋል ወይ ኮፍያቸውን ወደ ታች ስበዋል። ጫማቸው ደግሞ ተወልውሏል። ያን ጫማ ሳይ ቁጭ ብዬ የራሴን ጫማ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እሱን ነው ያነበብኩት፣ ዛሬም ድረስ አላቆምኩም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ ምክንያቱም ቁጥሩ ካልገባን ሰዉ አይገባንም። በ1929 አሜሪካ ውስጥ ስራ ያጣው ከመቶ ሶስት ሰው ገደማ ነበር። በ1933 ከመቶ ሃያ አምስት። ወደ 13 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። እኔ በኖርኩበት በ2009 ክፉ የተባለው ወር ጥቅምት ነበር፣ ያኔ ከመቶ አስር ነው፣ ስለዚህ እኔ ያየሁት የዚያን ግማሽ እንኳን አይሆንም፣ አስቡት። እና ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ፣ ስራ አለው ተብሎ ከሚቆጠረው ውስጥ ስንቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚሰራ ነበር፣ ልክ እንደኔ አስራ ስድስት ሰአት ማለት ነው። በሰሜን በብዙ ከተሞች ደግሞ ከጥቁር ሰራተኛው ግማሽ ያህሉ ስራ አልነበረውም፣ መጨረሻ የሚቀጠረውም መጀመሪያ የሚባረረውም እሱ ነበረና።

እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው? እኔ የገባኝ በአንድ ባንክ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ የሚባል ባንክ ነበር፣ ስሙ የመንግስት ይምሰል እንጂ ተራ የግል ባንክ ነው፣ ደንበኞቹ አብዛኞቹ እንደኛ ስደተኞች ነበሩ፣ ከምስራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች፣ ልብስ ሰፊ፣ ሱቅ ጠባቂ፣ ወደ 400 ሺ አስቀማጭ። በታህሳስ 1930 ብሮንክስ ያለው ቅርንጫፍ በር ላይ ሰው ገንዘቤን ስጡኝ ብሎ ተሰለፈ፣ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ያኔ የባንክ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር የለም፣ ባንኩ ሲዘጋ ገንዘብህም አብሮ ይዘጋል። ያ ልብስ ሰፊ ታዲያ ምን ያደርጋል፣ አዲስ ጫማ አይገዛም፣ ጫማ ሻጩ ከፋብሪካ አያዝም፣ ፋብሪካው ሰው ይቀንሳል፣ የተቀነሰው ሰው ከሌላኛው ባንክ ያለችውን ሊያወጣ ይሮጣል፣ ያም ባንክ ይወድቃል። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ ወደ 9 ሺ ባንክ እንደዚህ ወደቀ። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም እኮ፣ ማለቴ ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ራሱንና ልጆቹን ነው ያዳነው፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲያደርገው አገር ቆመ።

እና የገረመኝ ነገር፣ ይሄን ያህል ሰው አንድ ላይ ወድቆ ሁሉም እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ማሰቡ ነው። ወንዱ ቤቱ ተቀምጦ ምናልባት በደንብ አልሰራሁ ይሆናል፣ ምናልባት ቀድሜ ሌላ ሙያ መማር ነበረብኝ እያለ ራሱን ይከሳል። 13 ሚሊዮን ሰው ነው፣ 13 ሚሊዮን ሰው አንድ ላይ ሰነፍ ሊሆን አይችልም፣ ግን ስሜት ሂሳብ አያቅም። እኔም እኮ ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሄን ሁሉ እያነበብኩ፣ ሌሎቹን ምስኪኖች እያልኩ እያዘንኩላቸው፣ ራሴን ግን ያ ማናጀር ያን ቀን ሲቆጣኝ መልስ ባልመልስ ኖሮ እል ነበር።

ኤሌኖር ሩዝቬልት የፕሬዚዳንቱ ሚስት ናት፣ በ1933 ብቻ 300 ሺ ደብዳቤ ነው የደረሳት። አሮጌ ኮት ካለሽ ላኪልኝ፣ ለሚወለደው ልጄ ልብስ የለኝም፣ ትምህርት ቤት የምሄድበት ጫማ የለኝም የሚሉ። አንዳንዷ ቀለበቷን ለመያዣ ትልካለች፣ ልመና እንዳይመስልባት። እና በጣም ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ የሚደጋገም ነገር አለ፣ እባክሽ ስሜ እንዳይወጣ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ልጆች ደግሞ ለእናትና አባቴ እንደፃፍኩ እንዳይነገራቸው ይላሉ። አንድ ልጅ ጫማ የለኝም ብሎ ለፕሬዚዳንት ሚስት ይፅፋል፣ ለአባቱ ግን አይናገርም፣ ለምን፣ አባቱ እንደሌለው ያውቃላ፣ አባቱን ላለማሳፈር ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ ነበር።

በቤተሰብ ላይ ያደረገውን ካነሳን፣ በእነዚያ አመታት ሰው ማግባት ትቷል፣ ጋብቻው በጣም ነው የቀነሰው፣ ልጅ መውለዱም ቀነሰ። ፍቺም ቀንሷል፣ ግን ፍቅር ስለበዛ አይደለም፣ ለጠበቃ የሚከፈል ስለሌለ ነው፣ በሱ ፈንታ ባልየው ስራ ልፈልግ ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚሆኑ አስራዎቹ እድሜ ውስጥ ያሉ ልጆች በእቃ ባቡር ላይ እየተንጠለጠሉ አገር ላገር ይዞሩ ነበር፣ አንዳንዱን ቤተሰቡ ራሱ ነው ከእንግዲህ ራስህን ቻል ያለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ታናናሾቼ እንዲበሉ ብሎ የወጣ ነው፣ አንድ አፍ ይቀነስ ብሎ። እዚህ ላይ የኛ ሰው በደንብ ይገባዋል። ወደ አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ስንቶቹ ናቸው አንድ አፍ ይቀነስ፣ ደግሞ አንድ እጅ ይጨመር ብለው የወጡት።

ሴቶቹ ላይ የደረሰው ደግሞ የተለየ ነው። ባል ያላት ሴት ስራ ከያዘች የሌላውን ወንድ እንጀራ ወሰደች ተባለ። በ1932 የወጣ የፌደራል ህግ ነበር፣ ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግስት ሰራተኛ ከሆኑ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ ከሁለቱ አንዳቸው እንዲቀነሱ የሚል፣ የወጡት ታዲያ ባብዛኛው ሚስቶቹ ናቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ያገባች አስተማሪ አንቀጥርም ይሉ ነበር። ሰው ሲጨንቀው አጠገቡ ያለውን ነው የሚገፋው። ስደተኛውንም ገፉት፣ ሜክሲኳውያንን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን በባቡር ጭነው መለሷቸው፣ እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸውን ጨምሮ። በ1932 ወደ አሜሪካ ከገባው ሰው የወጣው ይበልጣል፣ ይሄን ሳነብ ሁለቴ ነው መልሼ ያየሁት።

አሁን አሜሪካንን ትቼ ወደ ኦስትሪያ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ያ የላይብረሪ ህይወቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስም የሰጠልኝ እሱ ነው። ከቪየና ብዙ የማይርቅ ማሪየንታል የሚባል መንደር አለ፣ መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚኖረው፣ ፋብሪካው ከ1929 ጀምሮ ተዘጋ። 478 ቤተሰብ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የሚባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከነጓደኞቻቸው ሄደው እንዴት እንደሚኖሩ አጠኑ። ዝም ብለው መጠይቅ ይዘው አልሄዱም፣ ልብስ አሰባስበው ሰጡ፣ ሀኪም አመጡ፣ የስፌት ትምህርት ከፈቱ፣ በዚያ በኩል ነው ከሰዉ ጋር የኖሩት።

ምን አገኙ መሰላችሁ። ሰው ስራ ሲያጣ ጊዜ አገኘ ብለን እናስባለን አይደል፣ መፅሐፍ ያነባል፣ ይሰበሰባል፣ ፖለቲካ ያወራል። የመንደሩ ላይብረሪ ኪራዩን በነፃ አደረገ፣ ግን መፅሐፍ የሚወስደው ሰው በግማሽ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ መስኮት ላይ ሆነው መንገድ የሚያልፈውን ሰው አካሄድ ለኩ፣ ወንዶቹ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ በየደቂቃው ይቆማሉ። ሴቶቹ ይፈጥናሉ፣ ምክንያቱም እነሱ ደሞዝ ነው የቀረባቸው እንጂ ስራ አልቀረባቸውም፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ካሮቱ ይቀቀላል፣ ልጁ ይለብሳል። ወንዶቹን ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሰራህ ፃፍ ሲሏቸው መሙላት ያቅታቸዋል፣ ልጆቹን ቀሰቀስኩ፣ ምሳ በላሁ፣ ከዚያ መሀሉ ባዶ ነው። ብዙዎቹ ሰአት ማሰር ትተዋል። የገና ስጦታ ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው የተጠየቁ ልጆች ደግሞ እፈልጋለሁ ብለው አይፅፉም፣ ወላጆቼ ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ይሄን ብፈልግ ነበር ብለው ነው የሚፅፉት።

እኔ ሰባት ሳምንት ላይብረሪ ተቀምጬ ከዚያ ውስጥ ምን ሰራህ ብትሉኝ ሶስት መፅሐፍ። በቀን ስምንት ሰአት ነው። ቀሪው የት ሄደ? አላቅም። መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ስራ ሲገባ አይ ነበር። አንድ ስራ ማመልከቻ ለመሙላት ሁለት ቀን ይወስድብኛል፣ ድሮ ሶስት መቶ ሰው የሚስተናገድበትን አዳራሽ በሁለት ሰአት የማዘጋጅ ሰው። ስንፍና መስሎኝ ራሴን እጠላ ነበር፣ ማሪየንታልን ሳነብ ግን አሃ አልኩ፣ ይሄ በሽታ ስም አለው፣ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ለካ።

አንድ ያላነሳሁላችሁ ነገር አለ፣ እቁቡ። ወር በወር አምስት መቶ ዶላር የምንጥል አስራ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ እጣዬ በአራተኛው ወር ወጥቶልኛል፣ ሰባት ሺ አምስት መቶ በልቻለሁ፣ ግማሹ ለእማዬ አይን ሄዷል ግማሹ ለመኪናዬ። ስራ ሳጣ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረኛል። እቁብ የምታቁ ታቃላችሁ፣ ቀድሞ በልቶ መጥፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ። ዋስ የሆነኝ ጓደኛዬ አለ፣ አብረን ነው ያደግነው፣ አራት ኪሎ፣ እኔ ካልከፈልኩ እሱ ነው የሚከፍለው። እና ምን አደረግኩ፣ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። የሁለት ወሩን በካርድ ከፈልኩ፣ ሶስተኛው ላይ ካርዱም ሞላ፣ በቃ ጠፋሁ። ያን ሁሉ ሰው ስሸሽ የነበረው እነሱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ስለማውቃቸው ነው፣ ስለሚያውቁኝ ነው።

እዚህ ጋ የአይዋና የነብራስካ ገበሬዎችን ልንገራችሁ፣ ስለነሱ ሳስብ ልቤ ይሞላል። የእህል ዋጋ ወድቆ ወድቆ በቆሎው ከድንጋይ ከሰል ረከሰ፣ በ1932ና በ33 ክረምት ምድጃ ውስጥ በቆሎ እየማገዱ ነበር ቤት የሚያሞቁት፣ ከተማ ውስጥ ሰው ለዳቦ ተሰልፎ። ገበሬው የባንክ እዳውን መክፈል አልቻለም፣ ባንኩ እርሻውን ለጨረታ ያወጣዋል። ታዲያ የጨረታው ቀን ጎረቤቱ በሙሉ ይመጣል፣ በመቶዎች፣ እና ተነጋግረው ነው የሚመጡት። ላም ሲጠራ አንዱ አስር ሳንቲም ይላል፣ ዝም። ማረሻ ሲጠራ አምስት ሳንቲም፣ ዝም። ከሩቅ የመጣ ሰው ከፍ አድርጎ ሊጠራ ካሰበ ትከሻው ላይ አንድ ከባድ እጅ ያርፋል፣ አንዳንድ ቦታ ገመድም አንጠልጥለው ነበር፣ ማስፈራሪያ ነው፣ ይሄን ጥሩ ነው አልልም። መጨረሻ ላይ ሁሉም እቃ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፣ የገዙት ሰዎች ደግሞ እዚያው ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ፔኒ ኦክሽን ይባላል፣ የሳንቲም ጨረታ በሉት። ነገሩ እየበዛ ሲመጣ አይዋም ሚኒሶታም በ1933 የእርሻና የቤት እዳ መክፈያ ጊዜ የሚያራዝም ህግ አወጡ፣ የሚኒሶታው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1934 ፀደቀ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ሁሌ የማስበው ስለዚያ ባለእርሻ ነው። ጎረቤቶቹ እንዲመጡለት መጀመሪያ እርሻዬ ሊሸጥ ነው ብሎ መናገር ነበረበት፣ ወይ ደግሞ ማስታወቂያው ተለጥፎ ሁሉ አይቶታል፣ መደበቂያ አልነበረውም። ከተማ ያለነው ግን መደበቂያ አለን። ላይብረሪ አለን፣ ፓርኪንግ አለን። ገበሬውን ያዳነው አንዱ ነገር መደበቅ አለመቻሉ ይመስለኛል።

ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ደግሞ ረንት መክፈል ያቃተው ሰው ቤቱ ድግስ ይደግስና ጎረቤት የመግቢያ ሳንቲም ከፍሎ ገብቶ ይጨፍራል፣ በዚያ ኪራዩ ይከፈላል። ከዲፕሬሽኑም በፊት የነበረ ነገር ነው፣ በችግሩ ጊዜ ደግሞ ለስንቱ ቤት ደረሰ። ሰውየው ለመነ አይባልም፣ ደገሰ ነው የሚባለው። ከኛ ጋር የሚያገናኘን ታሪክም እዚያው ሃርለም ነው። በጥቅምት 1935 ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር፣ ያ ስራ ያጣ፣ ረንት ያቃተው የሃርለም ህዝብ በየቤተክርስቲያኑና በየአዳራሹ ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ ሳንቲም አዋጣ፣ ሂደን እንዋጋ ብሎ የተመዘገበ አለ፣ ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ፓይለት በእርግጥም ሄዶ ለንጉሱ አብርሯል። ዶክተር መላኩ በያን እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ህክምና የተማረ፣ በኋላ በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን ኢትዮጵያን ወርልድ ፌደሬሽንን ያቋቋመ፣ ከዚያ ህዝብ ጋር ነው የሰራው። እኔ ይሄን ታሪክ ልጅ ሆኜ ስሰማ ሀብታም ጥቁር አሜሪካውያን የረዱን ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ለራሳቸው ያልነበራቸው ናቸው። ባዶ ኪስ ያለው ሰው እንኳን የሚሰጠው ነገር ሲኖረው ቀና ይላል፣ እኔ ያኔ ያጣሁት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እሱን ነበር መሰለኝ፣ ቀና የምልበትን።

አንኢምፕሎይመንት፣ ስራ ላጣ ሰው መንግስት የሚከፍለውን ማለት ነው፣ ለምን አልሞላህም የሚል ሰው ይኖራል። አልሞላሁም። የመንግስት ምፅዋት ነው ብዬ፣ ስሜ አንድ ቦታ ይመዘገባል ብዬ። ያን መፅሐፍ ሳነብ ነው ከየት እንደመጣ ያወቅኩት። በሐምሌ 1932 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ቃል የተገባልንን ገንዘብ አሁን ስጡን ብለው በሺዎች እዚህ ዲሲ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ሰፍረው ነበር፣ ከነልጆቻቸው፣ ጥቁርና ነጭ አንድ ካምፕ ውስጥ፣ ጦሩ መጥቶ በታንክና በአስለቃሽ ጭስ አባረራቸው፣ ካምፑም ተቃጠለ። ዛሬ ቦታው ፓርክ ነው፣ ልጆቼን ስኬቲንግ የምወስድበት። ያ ሁሉ ሰልፍና ያ ሁሉ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው በነሐሴ 1935 ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ ዋስትናና የስራ አጥ ኢንሹራንስ በህግ የወጣው። ያኔም ቢሆን የእርሻና የቤት ሰራተኛውን አልጨመሩም፣ አብዛኛው ጥቁር ሰራተኛ ደግሞ እዚያ ነበር፣ ቻርልስ ሂውስተን የሚባለው ጠበቃ ሴኔት ፊት ቀርቦ ህጉ ወንፊት ነው፣ ቀዳዳው ጥቁሩ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሰራ ነው አለ። እና እኔ የአፍሪካ ልጅ፣ የሆቴል ሰራተኛ፣ እነዚያ ሰዎች ዋጋ ከፍለውበት፣ ቀጣሪዬ በየደሞዜ ልክ ታክስ ሲከፍልበት የኖረውን ነገር አፍሬ እምቢ ብያለሁ። ያን ቀን እዚያው ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ሞላሁት።

ጓደኛዬ፣ ዋሴ፣ ያገኘኝ በዚያው ሳምንት ነው። ከላይብረሪ ስወጣ መኪናዬ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እንዴት እንዳገኘኝ እስካሁን አልነገረኝም። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አየኝ፣ ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየው፣ "አንተ፣ ስንት ቀን ነው እንደዚህ ለብሰህ እዚህ የምትመጣው?" አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ለሷ ዛሬ ማታ ትነግራታለህ፣ ለእቁቡ እሁድ አብረን እንነግራቸዋለን" አለኝ፣ በቃ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ታቅ ነበር። ልብሴን የምታጥበው እሷ ነበረች፣ ሸሚዝህ የምግብ ሽታ ካቆመ ወር አልፎታል አለችኝ። ለምን አልጠየቅሽኝም ስላት እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት፣ ፊትህን ሳየው ፈራሁ አለች። ስለዚህ ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ አንዳችን ላንዳችን ስንደብቅ ነው የኖርነው። ያን ማታ ሁለታችንም አልተኛንም፣ ሂሳብ ስንፅፍ አነጋን።

እሁድ እቁቡ ላይ ዳኛችን ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ታክሲ ነው የሚነዱት፣ እጣ ከመውጣቱ በፊት ይናገር አሉ። ቆሜ ተናገርኩ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ። ስራ የለኝም፣ አልሸሸሁም፣ ጊዜ ስጡኝ። ቤቱ ፀጥ አለ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠች እህታችን፣ ፓርኪንግ ካሸር ነበረች፣ "እኔም ሰአቴን ቀንሰውብኝ ሁለት ወር ሆነኝ፣ የዚህን ወር ተበድሬ ነው ያመጣሁት" አለች። ከሷ ቀጥሎ አንድ ሌላ። ከሱ ቀጥሎ ጋሼ ራሳቸው፣ ኤርፖርት ሰው የለም፣ የታክሲውን ኪራይ እንኳን አልሸፍንም አሉ። ከአስራ አምስታችን አራታችን ነበርን። ሁላችንም በየወሩ ለብሰን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና ጠጥተን፣ ስራ እንዴት ነው ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ስንበተን የነበርን።

እጣው ቆመ ለአንድ ወር። ከዚያ መዋጮው ከአምስት መቶ ወደ ሁለት መቶ ወረደ፣ ያልበሉት ሰዎች ተስማሙ፣ ማለቂያው በጣም ተራዘመ ግን ማንም አልቀረበትም። እኔ በአምስተኛው ወር ሌላ ቦታ ስራ አገኘሁ፣ ማታ ማታ ፅዳት ነበር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ።

ያ እቁብ እስካሁን አለ፣ ጋሼ አርጅተዋል ግን ዳኝነቱን አልለቀቁም። እጣው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ሳህኑ ላይ ሆነው፣ እሳቸው መነፅራቸውን አውልቀው ዞር ዞር ብለው ሁላችንንም ያዩና "ሰአት የተቀነሰበት አለ?" ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ቶሎ አያልፉትም፣ ሰው እስኪተነፍስ ድረስ ይጠብቃሉ። ባለፈው እሁድ አንድ ልጅ፣ ገና ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እጁን አነሳ።

እሺ፣ እዚህ ላይ ላቁም። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።